የመዝጊያው ደወል

በደሴታችን ትምህርት ቤት የጎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ደወል በየማለዳው ሁለት ጊዜ ይደወል ነበር። የመጀመሪያው ልጆቹን ይጠራል። ሁለተኛው የስም መጥሪያው መዝገብ መዘጋቱን ያውጃል፤ ከዚያ በኋላ የገባ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲማር ቢውል እንኳ እንዳልመጣ ይቆጠራል። ይህን ሁለተኛ ደወል ያስለመዱት ከመምህር ፊንታን ሄሽን በፊት የነበሩት አዛውንት መምህር ሲሆኑ፣ ያስለመዱትም ለላቬል ቤተሰብ አዝነው ነው። የላቬሎች ቤት ባሕሩ ሲሞላ ከእኛ በሚነጠል፣ ሲሸሽ ደግሞ በአሸዋው ላይ በእግር በሚደረስበት ቁራጭ ደሴት ላይ ነበር። ውሃው ዘግይቶ በሚሸሽበት ቀን ልጆቹ በከንቱ ከማዕበል ጋር እንዳይታገሉ፣ ደወሉን ሲሰሙ ከመንገድ እንዲመለሱ ተወሰነ። ስለዚህ ያ ደወል ለሌላው ሰው የሰዓት ምልክት ሲሆን፣ ለላቬሎች ግን «አትምጡ» ማለት ነበር።

በዋና ከተማችን በደብሊን ያለው የትምህርት ሚኒስቴር ስለ እኛ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ይኸውም በየሩብ ዓመቱ መጨረሻ ከመምህር ሄሽን የሚደርሰው፣ በቀን በአማካይ ስንት ልጅ ትምህርት ቤት እንደተገኘ የሚገልጸው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሠላሳ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሚኒስቴሩ የሁለት መምህራን ደመወዝ ይልካል። በተከታታይ ሁለት ሩብ ዓመት ከሠላሳ ከወረደ ግን ረዳቲቱ ትሰናበታለች። በበጋው ግማሹ ሕዝብ ልጆቹን ይዞ ድንች ለመልቀም ወደ ስኮትላንድ ስለተሻገረ፣ ያለፈው ሩብ ዓመት ወርዶ ነበር። ይኸኛው፣ ከገና በፊት የሚያበቃው፣ በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ቀረ።

ረዳቲቱ አትራክታ ጋቫን ትባላለች፤ የደሴታችን ልጅ ናት። አባቷ ማይልስ ጋቫን ዓይኑ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ወንድሞቿ ባሕር ተሻግረው ቀርተዋልና ከእርሷ በቀር ጧሪ የለውም። እዚህ ያላትን ሥራ ያጣች እንደሆነ ሚኒስቴሩ ከደሴቱ ውጭ ወደ ወደደው ትምህርት ቤት ይልካታል፤ በሰው ቤት ክፍል ተከራይታ ታድራለች፤ ሽማግሌው ደግሞ በዋናው ምድር ወዳለው የአውራጃው የድኩማን ቤት ይወሰዳል። የዚያን ቤት ስም በደሴታችን ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አይጠራውም ነበር። ከእኛ ሰዎች ወደዚያ የገባ ተመልሶ ስለማያውቅ፣ ውስጡ ምን እንደሚመስል የሚነግረን ሰው አልነበረም።

የሩብ ዓመቱ የመጨረሻ ቀን ሊነጋ፣ ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ማዕበል ተነሣ። የፖስታዋ ጀልባ ሚስተር ታርፒ የሚባል የሚኒስቴሩን ተቆጣጣሪ አውርዳ መመለስ ስላቃታት በወደቡ ታስራ ቀረች። እኛም እንደ ወትሯችን ሱቅ ተሰብስበን ስለ አየሩ እናወራለን። ዴሊያ ላቬል የመብራት ጋዝ ልትገዛ መጥታ ነበር። ባሏ እንግሊዝ አገር በግንብ ሥራ ላይ ስለነበረ፣ አራት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት።

ባለሱቋ ጋዙን እየቀዳችላት፣ «ዴሊያ፣ ነገ ልጆችሽን ካላመጣሽ ማይልስን ራስሽ አዝለሽ እዚያ ቤት ታደርሺዋለሽ!» አለቻት።

«ባሕሩን አንቺ ትይዥልኛለሽ?»

«ፖሊሱ ልጆችሽን አስቀረሽ ብሎ ሲከስሽ፣ ዳኛው ፊትም ይህንኑ አልሽ አሉ።»

«ብያለሁ! ዳኛውም ‘ለባሕሩ መጥሪያ ልጽፍለት አልችልም’ ብሎ አሰናበተኝ። ከእናንተስ እሱ ይሻላል።»

ሳቅን። እርሷ ግን አልሳቀችም። ሁለተኛዋ ልጇ ኢታ ስድስት ዓመት እስኪሆናት ድረስ ቃል አልወጣትም ነበር፤ ሐኪሙም ቄሱም ተስፋ ቆርጠውባት ሳለ አንደበቷን የፈታችላት አትራክታ ናት። ይህን ዴሊያ እንዳልረሳችው ሁላችንም እናውቅ ነበርና ቀልዳችን የሚወጋበትን ቦታ መርጦ ነበር የወጋት።

በዚህ መካከል መምህር ሄሽን ሻማ ሊገዛ ገባ፤ ወሬው ተቋረጠ። ጎንበስ ሲል ታይቶ የማይታወቅ ሰው ነበር። ሻማውን ተቀብሎ ወደ በሩ ካመራ በኋላ ዞር አለና፣ «በእንዲህ ያለ አየር ልጁን ከቤት የሚያውል ወላጅ ቢኖር ማንም አይወቅሰውም» አለ። «እኔም አልወቅሰውም» ሲል ጨመረ። ወዲያው ወጣ።

ባለሱቋ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ፣ «ሰማችሁት? መለመን ሞት ሆኖበት እኮ ነው!» አለች።

«ኩሩ ሰው ሲለምን እንዲህ ነው» አልኩ እኔም።

በደሴታችን በመንግሥት ደመወዝ የሚያድር ሰው የሚናገረውን በቀጥታ የሚቀበል አይገኝም። እኛ የእንዲህ ያለውን ሰው ቃል እንደ ካልሲ ገልብጠን ነው የምናየው። አባቶቻችን በዚህ ዘዴ ከብዙ ግብር፣ ከብዙም መከራ ስላመለጡ፣ እኛም የመምህሩን ቃል ገለበጥነው። ማንም ልጁን እንዳያስቀር እዚያው ተማማልን። ዴሊያ ጋዟን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አመጣቸዋለሁ» አለች፤ ባሕሩ ሳይሞላ ለመሻገር ቸኩላ ሄደች።

በማግስቱ የሆነውን ያየ ሁሉ ይኮራብን ነበር። ነፋሱ የሣር ክዳን እየነቀለ ሳለ ልጅ ያልያዘ ሰው በመንገዱ አልታየም። አንዱ ማገዶ በሚሸከምበት ቅርጫት ሁለት ልጆቹን ጭኖ መጣ። አንዷ ትኩሳት የያዘውን ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አመጣች። እኔም የምትስለውን ልጄን በካፖርቴ ሸፍኜ ታቅፌያት ነበር። መምህር ሄሽን በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ልጆቹ በገቡ ቁጥር ፊቱ እየነጣ ሲሄድ ብርዱ ነው ብዬ አሰብኩ።

«መምህር፣ አንድም አልቀረብዎትም!» አልኩት በደስታ። «የላቬሎቹ ብቻ ናቸው የቀሩት፤ እነሱም ውሃው ሲሸሽ ይደርሳሉ።»

ይህ ሰው በሕይወቱ ማንንም ነክቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ግን እጅጌዬን ያዘና ከግድግዳው ጀርባ ወሰደኝ።

«ኮልማን፣ ትናንት ምን አልኳችሁ?»

«አልወቅስም አሉን።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ መጣን!»

ዓይኑን ጨፈነ። «ስማኝ። ደንቡ፣ በአየር ጠባይ ምክንያት ከልጆቹ ከግማሽ በታች የመጡ እንደሆነ ቀኑ ከሂሳብ ይወጣል ይላል። እንዳልነበረ ይሆናል። ዛሬ ብትቀሩ ኖሮ አማካዩ ሠላሳን ይዞ ይቀር ነበር። አሁን ግን ቀኑ ይቆጠራል፤ ከተቆጠረም የላቬል አራት ልጆች ካልተገኙ ከሠላሳ ይወርዳል።»

«ይህን ትናንት በግልጽ ቢነግሩን ምን ነበረበት?»

«ልጅ ያስቀረ ይከሰስ የሚል ሕግ አለ። የቀሩትን ስም ለፖሊስ የምሰጠው እኔ ነኝ። በየትኛው አፌ ‘አታምጡ’ ልበላችሁ? የቻልኩትን ያህል ነገርኳችሁ።»

«እንግዲያው እንመልሳቸው! እኔ ልጄን አሁኑኑ—»

«ሚስተር ታርፒ ከውስጥ ተቀምጧል» አለኝ። «በገቡ ቁጥር እየቆጠራቸው ነው።»

መዝገቡ የሚዘጋው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። በማዕበል ቀን ውሃው ከዚያ በፊት እንደማይሸሽ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ሆኖም ተስፋ ሌላ ስላልነበረን በዚያችው ተንጠለጠልን። መምህሩ ስም መጥራት ጀመረ። እንዲህ ያለ ስም ጥሪ ሰምቼ አላውቅም። የእያንዳንዱን ልጅ ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ይጠራል፤ «አቤት» ሲባል ቀና ብሎ ያያል፤ ብዕሩን ቀለም ያጠቅሳል፤ ቀለሙን ያደርቃል። ሚስተር ታርፒ ጫማውን አውልቆ የረጠበ ካልሲውን ከምድጃው አጠገብ አስጥቶ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም።

«መምህር ሄሽን፣ በሌላ ትምህርት ቤት ይህ በአምስት ደቂቃ ያልቃል» አለ።

«እዚህ ብርዱ ቀለሙን ያረጋዋል፣ ጌታዬ» ብሎ ቀጣዩን ስም ጠራ።

አትራክታ ትንንሾቹን ይዛ ወደ አሸዋው በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ቆማ ነበር። ልጄን ላሞቃት ብዬ አልወጣሁም፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። በድንገት አትራክታ ትከሻዬን ነካችኝ። ከወዲያኛው ዳርቻ ዴሊያ ወደ አሸዋው ስትወርድ አየሁ። ትንሹን አዝላለች፤ ሦስቱን በገመድ ወገብ ለወገብ አስራ ታስከትላቸዋለች። መንገዱ በረጃጅም እንጨቶች የተመለከተ ነበርና ራሳቸውን ደፍተው ከእንጨት ወደ እንጨት ይገሰግሱ ጀመር።

«መጡ!» ብዬ ጮህኩ። «አትራክታ፣ መጡልሽ!»

ልጆቹ ሁሉ ከመቀመጫቸው ተነሡ። መምህሩ ብዕሩን አንሥቶ ቀረ። ሚስተር ታርፒም የግድግዳውን ሰዓት አየና፣ «ጊዜ አለ፤ በደህና ይምጡ፣ ይቆጠራሉ» አለ። ከልቡ ነበር ያለው።

አትራክታ ግን ከመስኮቱ አልተነቀነቀችም። «ጋሼ ኮልማን፣ ከሦስተኛው እንጨት ወዲህ ይመልከቱ» አለችኝ በሹክሹክታ። ተመለከትኩ። ውሃው አልሸሸም ነበር። ማዕበሉ ከሁለቱም ወገን እየገፋ መንገዱ መሐል አከማችቶት፣ እንጨቶቹ አናታቸው ብቻ ይታያል። ዴሊያ ከነፋሱ ፊቷን ሸሽጋ እግሯን ብቻ እያየች ስለምትሄድ ይህን ልታይ አትችልም።

አትራክታ ሻርፗን እንኳ ሳታነሣ ወጣች፤ ተከተልኳት። ከግድግዳው ሥር ደረስኩባት። እነሱ ያሉበት ሩቅ ስለሆነ የሰው ድምፅ አይደርስም። እጇ የደወሉን ገመድ ይዟል።

«ይደርሳሉ!» አልኳት። «ዴሊያ እኮ ናት! ባሕሩን እንደ ጓሮዋ ታውቀዋለች።»

«በደህናው ቀን ታውቀዋለች። ዛሬ ግን የምትሮጠው ለእኔ ብላ ነው።»

እጇን ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት ዛሬም በትክክል መናገር አልችልም። «አባትሽን አስቢ!» አልኳት።

«እያሰብኩት ነው፣ ጋሼ። ይልቀቁኝ።»

ለቀቅኋት።

መምህሩ ሲደውል የተለካ ነው፤ እያረፈ ነው። እርሷ ግን ቤት ሲቃጠል እንደሚጮህ ሰው ነበር የደወለችው። ዴሊያ ቆመች። ራሷን ቀና አደረገች። ሰዓቱ እንዳልደረሰ ገብቷት ይሆናል፤ ወይም ንዴት ይዟት ይሆናል፤ ቆማ ቀረች። ልጆቹም ከኋላዋ በገመዱ ላይ ተደርድረው ቆሙ። አንድ እርምጃ ወደ እኛ ተራመደች። አትራክታ በመላ ሰውነቷ ገመዱ ላይ ተንጠልጥላ፣ «ተመለሺ! ተመለሺ በእናትሽ! ተመለሺ!» እያለች በእያንዳንዱ ምት ትጮኻለች፤ ድምፅዋን የሚሰማት ከእኔ በቀር አልነበረም።

ዴሊያ ዞረች። ልጆቹን አንድ በአንድ እየጎተተች ወደ ድንጋዮቹ አወጣቻቸው። የመጨረሻዋ ልጅ ገና በእጅና በእግሯ እየዳኸች ሳለ፣ ባሕሩ ከግራና ከቀኝ መጥቶ ቆመውበት በነበረው ቦታ ላይ ተጋጨ። ነጭ ሆነ። ነጩ ሲረጋ ሦስተኛው እንጨት አልነበረም።

ተመልሰን ገባን።

«ያ ደወል ምንድን ነው? አራት ሰዓት ተኩል እኮ ገና ነው» አለ ሚስተር ታርፒ።

«የመዝጊያው ደወል ነው» አለች አትራክታ። ከፀጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል። «እኔ ነኝ የደወልኩት።»

«መዝገቡ አልተዘጋም። ደንቡ የሚያውቀው ሰዓቱን ነው፣ ደወሉን አይደለም። ልጆቹ ከደረሱ አሁንም ይቆጠራሉ።»

«አይደርሱም፣ ጌታዬ።»

መምህር ሄሽን ተነሣ። ወደ መስኮቱ ሄዶ አየ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ጊዜ ሁላችንም ጠበቅን። ሊመጣ የሚችል ሰው አለመኖሩን እያወቅን በሩን እናያለን። ልጆቹ ነገሩ ገብቷቸው ነበር፤ በቤታቸው ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረምና። ከትንንሾቹ አንዷ እጇን አነሣች።

«እትዬ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ልቆጠር?»

ማንም አልሳቀም። አትራክታ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠችና የተፈታውን የጫማዋን ክር ታስርላት ጀመር።

ሰዓቱ ደረሰ። መምህሩ የተገኙትን ቁጥር ደምሮ በመዝገቡ ጻፈ፤ እንደ ደንቡም ተነሥቶ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ደወሉን ሊደውል አልወጣም።

ሚስተር ታርፒ ካልሲውን ከምድጃው አነሣ። «በአስተያየት መስጫው ላይ ስለ ባሕሩ እጽፋለሁ» አለ።

«ያነቡታል?» አለው መምህሩ።

ተቆጣጣሪው ካልሲውን እያገላበጠ ቆየ። «አማካዩን ያነባሉ» አለ በመጨረሻ።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲበርድ ትምህርት ቤቱ ለገና ተዘጋ። እኔ ለማይልስ ጋቫን ማገዶ ይዤለት ሄድኩ። ሽማግሌው ከምድጃው ጥግ በወንበሩ ላይ፣ አትራክታ ከጠረጴዛው አጠገብ ነበሩ። አንዳች እንዳልነገረችው ከፊቷ አወቅሁ። ማገዶውን ገና ሳልደረድር በሩ በኃይል ተገፍቶ ተከፈተ። ዴሊያ ላቬል ናት፤ እስከ ወገቧ ረጥባለች፤ ኢታን በእጇ ይዛለች።

«ማነው ሰዓቱ ሳይደርስ—» ብላ ጀመረችና ዋጠችው። ባሕሩ ሸሽቶ በእግሯ ነበር የመጣችው። በአሸዋው ላይ አልፋለች። ያየችውን አይታለች።

እናትየው መናገር ሲያቅታት ልጅቷ ተናገረች። «እትዬ፣ እንጨቶቹ የሉም» አለች። «ሦስተኛውም የለም፣ አራተኛውም የለም። እማዬ እየሄደች አለቀሰች።»

«ልሰድብሽ ነበር የመጣሁት» አለች ዴሊያ። «እየመጣሁ ሳለ መንገድ ሁሉ ስድብ ሳዘጋጅ ነበር።»

«ተቀመጪ፤ ረጥበሻል» አለቻት አትራክታ፤ ደረቅ ካልሲ ልታመጣላት ወደ ጓዳ ገባች።

ማይልስ ጋቫን ፊቱን ወደ ምድጃው እንዳደረገ፣ «ዛሬ ሁለተኛውን ደወል ሄሽን አልደወለውም» አለ።

ዴሊያ ወደ እኔ ተመለከተች።

«ሄሽን ሲደውል ለሚኒስቴሩ ነው የሚደውለው። የዛሬው ሰው ይጠራ ነበር።» ራሱን ወደ ጓዳው አዞረ። «አትራክታ!»

«አቤት፣ አባዬ።»

«ስንት ነበሩ አሸዋው ላይ?»

ካልሲውን እንደያዘች በጓዳው በር ቆመች። «አራት። ከነእናታቸው አምስት።»

«እንግዲያው ቁጥሩ ወርዷል።»

«ወርዷል፣ አባዬ።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ዴሊያ በእጆቿ ፊቷን ሸፈነች። እርሱ ግን ኪሱን ሲደባብስ ቆይቶ ፒፓውን አወጣ፤ አውራ ጣቱን ከቶ ባዶ መሆኑን አረጋገጠ፤ ሳይሞላውም በጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ማገዶ ስደረድር ድምፁን ሰምቶ ያለሁበትን ስላወቀ ወደ እኔ ዞረ።

«ኮልማን፣ ልጄ» አለኝ፤ «እዚያ ቤት ትንባሆ ይፈቅዳሉ?»

«ይፈቅዳሉ» አልኩት።

አላውቅም ነበር።